የግንቡ መዳፍ

አባቴ ቀን ቀን ፍራሽ ይሰፋ ነበር፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ በገዛ እጁ በሰፋው ፍራሽ ላይ ሰው ይጥል ነበር። ወይም እኔ በስምንት ዓመቴ እንዳየሁት ከሆነ፣ ሰው ይጥለው ነበር።

ሙያው ያኔ ወግ ያለው ስም እንኳን አልነበረውም። ቦክሰኞቹ «ይኼ ትግል ነው» ብለው ናቁት፤ የትግል ስፖርተኞቹ «ይኼ ቦክስ ነው» ብለው ሸሹት፤ የሰፈራችን ሰው ሁለቱንም ትቶ «ድብድብ» ብሎ ገላገለው። ቡጢም፣ እርግጫም፣ ማነቅም፣ ክንድ መቆለፍም ይፈቀዳል። መንከስና ዓይን መጓጎጥ ብቻ ክልክል ነው። በክብደት መለየት የሚባል ነገር ያኔ ገና አልመጣም። ስልሳ ስምንት ኪሎ የሚመዝነው አባቴ መቶ አሥር ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር ሲገጥም «ኧረ ነውር ነው» የሚል አይገኝም፤ እንዲያውም ሰው አዳራሹን የሚሞላው ያንን ለማየት ነው።

መጠሪያው «ፍራሹ» ነበር። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው፤ አዳራሹ ግን ሌላ መሳቂያ አደረገበት። አባቴ ደወል እንደተደወለ የሰውየውን ወገብ ይዞ በጀርባው ይወድቃል። ሰውየው ላዩ ላይ ይወጣል። አባቴ ከሥር ሆኖ ወገቡን በሁለት እግሩ ይቆልፍና ይጠብቃል። ያኔ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል አሉ። ይህን የነገረችኝ ወንድሟ ከግጥሚያ የማይቀር የክፍሌ ልጅ ናት። «አባትሽ እኮ ፍራሽ ነው፤ ሁሉም ይተኛበታል» አለችኝ። ፀጉሯን ይዤ እስኪገላግሉን ድረስ አልለቀቅኳትም። ግን በልቤ እውነቷን ነው ብያለሁ፤ የነደደኝም ለዚያ ነው።

ዛሬ ነገሩን ያጠና ሁሉ ከሥር መሆን መሸነፍ እንዳልሆነ ያውቃል። አባቴ ካሸነፋቸው አሥራ ዘጠኝ ግጥሚያዎች አሥራ አራቱን ያሸነፈው በጀርባው ተኝቶ ነው። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ የማየውም ልምምዱን ብቻ ነው። ልምምድ ላይ ደግሞ አባቴ ሁልጊዜ ከሥር ነው። በማግስቱ «አሸነፈ» ሲሉኝ ሰዎቹ በመጨረሻ አዝነውለት ይሆናል እል ነበር።

ቤታችንና ሥራ ቦታችን አንድ ነው። ከፊት ሱቁ፣ ከሱቁ ኋላ እናቴ የሸራ መስፊያ መኪናዋን ይዛ የምትቀመጥበት ክፍል፣ ከዚያ ኋላ ስፖንጅ የሚቆረጥበት ትልቅ ክፍል። ሥራ ሲያልቅ ስፖንጁ ጥግ ይከመርና መሬቱ ላይ ጠንካራ ፍራሾች ይነጠፋሉ። ማስቲሹ፣ አዲሱ ሸራና የሰዉ ላብ አንድ ላይ ይሸታሉ። እኔ የስፖንጁ ክምር ላይ በሆዴ ተኝቼ አያለሁ። ከክምሩ ላይ የሚያወርዱኝ ጋሽ ፊሽካ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ፊሽካ የአባቴ አሰልጣኝ ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ፊሽካቸው ከአንገታቸው ስለማይለይ ስሙ በዚያው ጸናባቸው። ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ፣ ግማሽ ገጹ የተገነጠለ የትግል መጽሐፍ ነበራቸው። ጽሑፉን ማንም አያነበውም፤ ሥዕሉን እያዩ ይሞክራሉ። የጎደለውን ገጽ አባቴ በራሱ አካል እየፈተነ ይሞላዋል። አንድ ሥዕል ላይ አንዱ ሰው ተኝቶ የሌላውን ክንድ በሁለት እግሩ መሃል ይዟል፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ የለም። አባቴ በዚያ ሥዕል ላይ ሁለት ዓመት ሠራ። ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፤ በማግስቱም ያንኑ ይደግማል።

ሲጨርስ ደግሞ ከእኔ ጋር ይጫወታል። አዲስ ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ እኔ ደረቱ ላይ እወጣና አንገቱን በሁለት ክንዴ አቅፌ ባለ በሌለ ኃይሌ እጨምቃለሁ። «ጠበቅ! ጠበቅ! ክርንሽን ዝቅ!» ይለኛል። ፊቱ ሲቀላ ጀርባዬን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርገኛል። እለቀዋለሁ፤ እንሳሳቃለን። ያቺን ሁለቴ መታ መታ እንዴት እወዳት እንደነበር! «ጎሽ የኔ ልጅ» ማለት ትመስለኝ ነበር። ልምምድ ላይም ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መታ መታ ተደራርገው ሲነሱ አያለሁ፤ የወዳጅነት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ማንም አላስረዳኝም። የሚያስረዱት ነገር መኖሩንስ ማን ያስባል?

አባቴ «ግንቡ» ከሚሉት ተፋላሚ ጋር ሊገጥም አንድ ሳምንት ሲቀረው የውድድሩ አዘጋጅ ወደ ሱቃችን መጣ። ከእሱ በፊት ሽቶው ገባ። እኔ ከቆሙት ፍራሾች ኋላ ነበርኩ። አባቴ ጠርዝ እየሰፋ፣ ወስፌውን ሳያስቀምጥ «ይቀመጡ» አለው። አዘጋጁ ፍራሽ ላይ ተቀመጠና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ።

«ቀጥታ ልንገርህ ወንድሜ» አለ። «አሸናፊው ወደ ትልቁ ውድድር ነው የሚሄደው። ከስምንት አገር ስምንት ሰው። የእያንዳንዱ ፎቶ ፖስተር ላይ ይለጠፋል። እስቲ ንገረኝ፣ የተኛ ሰው ፖስተር ላይ ይለጠፋል?»

አባቴ ክሩን ሳበ።

«ግንቡን እይ። ቁመት አለ፣ ደረት አለ። አንተ ለዚህ ለአንዱ ግጥሚያ ብቻ… ያው ገብቶሃል። ከዚያ በኋላ አዳራሼን እንዳለ ውሰደው፤ አሠልጥንበት። ከዚህ የስፖንጅ ብናኝ ትገላገላለህ። ሁላችሁም ብትጠቀሙ ምን አለበት?»

ልክ በዚያ ሰዓት የእናቴ መኪና ከውስጥ ጠጠጠጠጠ ማለት ጀመረ። የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉን አልሰማሁም። ከዚያ ተነሳ፣ አዘጋጁን ክንዱን ደግፎ ከፍራሹ አወጣው፣ እስከ በር ሸኘው፣ እጁንም ጨበጠው። ረጅም ጭበጣ ነበር።  ተስማሙ ማለት ነው።

ያን ቀን የተባለውን እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ያለው «መተኛትማ ሥራዬ ነው ጌታዬ፤ ግን ሰው ተኛ ስላለኝ ተኝቼ አላውቅም» ነበር። መኪናዋን ያስነሳችውም ተናዳ ነው፤ ካልሰፋች ወጥታ ልትሰድበው ነበር። «እጁን የጨበጠውስ?» አልኳት። «እንዲወጣለት ነዋ!» አለች። እኔ ግን ያን ሳምንት ሙሉ አባቴን በስርቆት እያየሁ፣ ምስጢሩን ከእሱ ጋር እንደምጠብቅ ለራሴ እየማልኩ ከረምኩ።

እናቴ ደግሞ ያን ሳምንት ጓንት ስትሰፋ ነው የከረመችው። ያኔ ሁሉም በባዶ እጁ ነበር የሚገጥመው፤ እሷ ግን አባቴ የሰው ጥርስ መትቶ ጣቱ ካመረቀዘበት ጊዜ ጀምሮ አሻፈረኝ አለች። የበያጅ ጓንት ጣቶቹን ቆርጣ፣ ከላይ ስስ ስፖንጅ ከትታ ሰፋችለት። ጋሽ ፊሽካ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ይለማመድበት» ሲሏት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ጋሼ» ብላ ሦስቴ ፈትታ ሰፋችው።

ግጥሚያው እሑድ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የቅርጫት ኳሱ ብረት ከላያችን ተንጠልጥሏል። መሃል ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ የሰፋው አባቴ ነው፤ ስፌቱን አውቀዋለሁ። እናቴ ጓንቱ ቢቀደድ ልትጠግን መርፌና ክር ይዛ፣ ሰው በሌለበት በግድግዳው በኩል ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። እኔን የወሰደችኝ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። እናቴ ግጥሚያ አታይም። ከአንድም ግጥሚያ አትቀርም፣ አንዱንም አይታ አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች። ሌላ ጊዜ ጋሽ ፊሽካ ይነግሯታል፤ ያን ቀን ግን «እኔ በወዲያ በኩል ነኝ» አሏት።

«ዓይኔ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ያየሽውን ብቻ ትነግሪኛለሽ። ከራስሽ አትጨምሪ።»

ግንቡ ሲገባ አዳራሹ ጮኸ። የብሎኬት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ መዳፎቹ እንደ አካፋ ሰፊ ናቸው፣ የሲሚንቶው ግራጫ ከጥፍሮቹ ሥር አልለቀቀም። አባቴና እሱ ይተዋወቃሉ። ከመጀመራቸው በፊት ተቃቀፉ፤ ግንቡ የአባቴን ጀርባ መታ መታ አደረገው። እኔ አየሁና ፊቴን አዞርኩ፣ ሰው እንዳይጠረጥር።

ዳኛው ከቦክስ የተዋሱት ሰው ነበር። የቆመ ሰው መዳኘት ይችልበታል፤ የተኛ ሰው ግን ያደናግረዋል። ደወል ተደወለ። አባቴ የግንቡን ወገብ ይዞ በጀርባው ወደቀ። ሳቁ ተነሳ። «ፍራሽ! ትራስ አምጡለት!»

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ ለግድግዳው።

«ከሥር ነው።»

«ጥሩ ነው።»

ጥሩ ማለቷ ገረመኝ። ግንቡ ከላይ ሆኖ መደብደብ ጀመረ። የመጀመሪያው ቡጢ ጆሮውን፣ ሁለተኛው ግንባሩን አገኘው። አባቴ ጭንቅላቱን ከግንቡ ደረት ሥር ቀበረ።

«አሁንስ?»

«እየመታው ነው። አባዬ አቅፎታል።»

«እግሩስ? እግሩ ተቆልፏል?»

«ተቆልፏል።»

«ይጠብቃል» አለች። ቀስ ብላ፣ ለራሷ ነው ያለችው። ጣቷ ላይ ክሩን ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

ስምንት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ። የአባቴ ቅንድብ ተቀዶ ደሙ በዓይኑ ገባ። ግንቡ ደከመው፤ ትንፋሹ እኛ ጋ ይሰማል። ከዚያ አንድ ቡጢ ሊሰነዝር ክንዱን አርቆ ዘረጋ፤ ያኔ አባቴ ከሥሩ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ዞረ። አንዱ እግሩ በግንቡ አንገት ላይ፣ ሌላው በብብቱ ሥር አለፈ፤ ክንዱን በደረቱ ይዞ ወገቡን ቀና አደረገ። ግንቡ በእኛ በኩል ተገለበጠ። ፊቱ ከእኔ ሁለት ክንድ አይርቅም። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም።

ነፃ የሆነው እጁ ተነሳ። ያ ግራጫ መዳፍ የአባቴን ጭን ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

አባቴ ወዲያው ለቀቀው።

ዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ነው፤ መታ መታ ማድረግ «በቃኝ፣ እጅ ሰጥቻለሁ» ማለት ነው። ግጥሚያው እዚያ ላይ አለቀ። አባቴ አሸንፏል። ወደ ትልቁ ውድድር የሚሄደው እሱ ነው። ግን ዳኛው የቆመው በወዲያ በኩል፣ በአባቴ ጀርባ ነበር፤ ያየው ክንዱ መለቀቁን ብቻ ነው። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ተጋድሞ እንዳለ አንገቱን አዙሮ ዳኛውን ሲፈልግ፣ ግንቡ ተነስቶ በጉልበቱ ቆመና መታው። ሦስቴ። በሦስተኛው ጉንጩ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ዳኛው ሮጦ ገብቶ የግንቡን ክንድ ያዘ።

«አሁንስ?» አለች እናቴ። «አንቺ ልጅ! አሁንስ?»

 ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው። የሽቶው ሰውዬ ያለው ደረሰ ብያለሁ። ግንቡ «አሁን» ብሎ በመዳፉ ምልክት ሰጠው፤ አባቴም በቃሉ መሠረት ለቀቀለት።

ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን እየነፉ ፍራሹ ላይ ወጡ። «እጅ ሰጥቷል! ሰውየው እጅ ሰጥቷል!» ይላሉ። አባቴም ተቀምጦ፣ ጉንጩን ይዞ «መታ መታ አደረገኝ፤ ለዚያ ነው የለቀቅኩት» ይላል፤ እኔ ለማስመሰል የሚለው መሰለኝ። ዳኛው «አላየሁም» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። የውድድሩ ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

«አንተ ልጅ፣ እጅ ሰጥተሃል?» ብለው ግንቡን ጠየቁት።

ግንቡ መዳፉን አየ። «እጄ… ተንሸራቶ ይሆናል» አለ።

«በዚህ በኩል ማን ነበር?»

ፎቶ አንሺው ፊልም እየቀየርኩ ነበር አለ። እናቴ «እኔ ግድግዳ ነበር የማየው» ስትል አዳራሹ ሳቀ። ያኔ ሰብሳቢው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ልጁ አይደለች እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ለአባቷ ነዋ የምትመሰክረው!»

«እሱን እኔ እመዝነዋለሁ» አሉና ቁልቁል ጎንበስ አሉልኝ። «ነይ የኔ ልጅ። አትፍሪ። የዚህን ሰውዬ መዳፍ አይተሻል? አባትሽን መታ መታ ሲያደርገው?»

ነቅተውባቸዋል!  እኚህ ሽማግሌ ምልክቱን ደርሰውበታል፤ የቀራቸው ምስክር ብቻ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ። አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። በሌላው ዓይኑ ግን እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ተስፋ ነበር፤ እኔ ልመና መሰለኝ። አትንገሪብኝ እያለኝ ነው ብዬ አመንኩ።

«አላየሁም» አልኩ።

«ደህና አድርገሽ አስቢ እንጂ።»

አፌን ሞልቼ ደገምኩት። «ምንም አላየሁም። እኔም እንደ እማዬ ግድግዳውን ነበር የማየው።»

 ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸው ከከንፈራቸው ወደቀ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፍራሹ ዞራ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ እንደነበርኩ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፣ ግን አፏን አልከፈተችም። አባቴም ከዚያ ተነስቶ ቆመ።

«ልጄ አላየሁም ካለች አላየችም» አለ። «አለቀ። እጁን አንሱለት።»

ወደ ቤት ስንመለስ እጁን ያዝኩት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አባቴን አድኜዋለሁ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ጎሽ» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም፤ እጄን ብቻ ጠበቅ አደረገው። ለእኔ እሱም በቂ ነበር።

ጉንጩ እስኪድን ሦስት ወር ፈጀ። እንደ ገንፎ ያለ የላመ ነገር ብቻ እየበላ፣ በአራተኛው ወር ወደ ፍራሹ ተመለሰ። ጋሽ ፊሽካ የመጀመሪያውን ቀን ሲያዝኑ አሳልፈው በሁለተኛው ቀን ፈነዱ፤ ይህን እኔ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ከዛሬ ጀምሮ ዳኛው ትከሻህን እስኪነካህ አትለቅም። ሰምተሃል?»

«ሰው በቃኝ ሲለኝ ዳኛ ላስፈቅድ ነው ጋሼ?»

«አዎ! ታስፈቅዳለህ!»

«ዳኛው እስኪመጣ ክርኑ ቢሰበርስ?»

«ይሰበራ! ያንተስ ጉንጭ አልተሰበረም?»

«ብሎኬት ተሸክሞ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው» አለ አባቴ። «እኔ መታ መታ ካደረገኝ እለቃለሁ። ካልሆነ ሌላ ሰው ያሠልጥኑ።»

ጋሽ ፊሽካ ተነስተው ወጡ። በማግስቱ በሰዓታቸው መጡ። አባቴም ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ገጠመ፣ መታ መታ ባደረጉት ቁጥርም ለቀቀ። አንድ ሌላ ሰው ያንኑ ተንኮል ሠራበት፤ አባቴ ድጋሚ ያንኑ ክንድ ይዞ ድጋሚ መታ መታ አስደረገው። ዳኛውም በዚህኛው ጊዜ አየ። ግትር ቢሉት ግትር ነው፤ ግን በዚያ ግትርነቱ አንድም ሰው አካሉ ጎድሎ ከፍራሹ አልወረደም። ጓንቱም፣ የክብደት ደረጃውም፣ ሁሉም ቀስ በቀስ መጣ። ሲመጣ አባቴ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ጉልበቱም አልቋል። ትልቁን ውድድር አላየውም። ግንቡ ሄዶ በአንድ ደቂቃ ተሸንፎ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ገጥሞ አያውቅም።

ከዚያ እሑድ ግጥሚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። አባቴ ለሰፈር ልጆች ማሠልጠኛ የስፖንጁን ክፍል ሊያሰፋ የኋላውን ግድግዳ አፈረሰ። አንድ እሑድ ጠዋት ብሎኬት የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ አጠገብ ግንቡ ነበር። ሰላም አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ሦስት እሑድ እየመጣ ግድግዳውን ብቻውን ገነባ። ከአባቴ ጋር ከአሥር ቃል በላይ አልተለዋወጡም። አባቴ ውኃ ያቀብለዋል፤ እሱ ጠጥቶ ይመለሳል። ይኸው፣ ወዳጆች ናቸው አልኩ በልቤ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ያቦካሁት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገበኝ።

ግድግዳው ሳይለሰን የመጀመሪያው የልጆች ክፍል ተጀመረ። አሥራ አንድ ልጆች በሰልፍ ቆምን። አባቴ ከፊታችን ተንበረከከ።

«ከሁሉ በፊት የምንማረው መጣል አይደለም፣ ማነቅም አይደለም» አለ። «ይኼን ነው።» ፍራሹን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። «ይኼ ማለት በቃኝ ነው። ተሸነፍኩ ነው። ይኼን ያደረገ ሰው ያኔውኑ ይለቀቃል። ዳኛ አትጠብቁም፣ እኔን አታዩም። ትለቃላችሁ።»

ጀርባዬ ግንቡ የሠራውን ግድግዳ ነካ። ሲሚንቶው ገና ይቀዘቅዝ ነበር። የግንቡ ፊት፣ የተከፈተው አፉ፣ መዳፉ፣ የአባቴ አንድ ዓይን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አሥር ዓመቴ ነበር። ወጥቼ ጓሮ አስታወክሁ። እናቴ ግንባሬን ይዛ «ምን በልተሽ ነው?» አለችኝ። ምንም አልኩ።

አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አደግሁ። ከሴት ልጅ ጋር አንገጥምም የሚሉ ወንዶችን አንድ በአንድ እየጣልኩ አደግሁ፤ እኔም አሠልጣኝ ሆንኩ፤ ክፍሉን ከአባቴ ተረከብኩ። ለስንቱ ልጅ የመጀመሪያዋን ትምህርት ሰጠሁ! በሰጠሁ ቁጥር ልቤ አንድ ጊዜ ይወጋኛል።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጋዜጠኛ የቀድሞዎቹን ተፋላሚዎች ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው ብሎ መጣ። አባቴ ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ላይ ያቺ ጎድጓዳ አሁንም አለች። ልጁ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ «አባባ፣ አሥራ ዘጠኝ ድል፣ ስድስት ሽንፈት፤ ልክ ነኝ?» አለው።

«ልክ ነህ።»

«ከስድስቱ አንዱ አከራካሪ ነበር ይባላል። የግንቡ።»

«ምን ክርክር አለው? ተሸነፍኩ።»

ልጁ እንደወጣ በሩን ዘጋሁት። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗል፤ የምደበቅባት የለችም። ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ሽቶው ሰውዬ፣ ስለ ጭበጣው፣ ስለ ምልክቱ፣ ሁሉንም። «አይቼ ነበር አባዬ። መዳፉን አይቼው ነበር። አሸንፈህ ነበር፤ የወሰድኩብህ እኔ ነኝ።»

አባቴ «እንዳየሽ አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ተኝቼ ዳኛውን ስፈልግ ያገኘሁት ያንቺን ዓይን ነው። መዳፉ ላይ ተተክሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን አላየችም አልክላቸው?»

«እንዳቆም ፈልገሽ ነው ብዬ ነዋ» አለ።  «ደም በደም ሆኜ ስታዪኝ፣ ካሸነፈ ይወስዱታል፣ እዚያ ይገድሉታል ብለሽ የዋሸሽ መሰለኝ። ልጅ አባቷን ለማትረፍ ብትዋሽ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ውሸታም ላስብላት ነው?» መዳፉን በመዳፉ አሸ። «ከዚያ ደግሞ አላቆምኩልሽም። አምስት ዓመት። ደወል በተደወለ ቁጥር ልጄ አትግባ እያለችኝ ነው የምገባው እል ነበር። ይቅርታ ልልሽ ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ መሰለሽ።»

«እኔ?» ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። «እኔ እንድታቆም አንድም ቀን ፈልጌ አላውቅም! አንድም ቀን!»

«እውነት?»

«እውነት!»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ሠላሳ አራት ዓመት ማደሩ ነው እንጂ። አባቴ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስል ለካ እየሳቀ ነው። አንገቱን በሁለት ክንዴ አቀፍኩት። ቀጥኗል፤ ያ እንደ ግንድ የነበረ አንገት በክርኔ መሃል ገባ። መልቀቅ አቃተኝ። የስንት ዓመቱን ጨመቅኩት።

ጀርባዬን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገኝ።

ወዲያው ለቀቅኩት፤ ዳኛ አልጠበቅኩም።